የአማና መኪና፦ ተመላልሶ የሚመጣ የፍሬንና የመሪ ብልሽት መንስኤው እንዴት ይፈለጋል?

(ይህ ጽሑፍ በአሶሳ ከተማ ለበጎ አድራጊዎች፣ ለየቲም ቤተሰቦችና ለአሽከርካሪዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ በአንድ አንጋፋ የመኪና ጥገና ባለሙያ የቀረበ ንግግር ነው። ለአንባቢያን እንዲመች በንዑስ ርዕሶች ተከፋፍሎ ቀርቧል።)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ሰደቃና ዘካ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ የቲሞችም እንዴት እንደሚመዘገቡና እንደሚማሩ ነው። እኔ ዕድሜዬን በመኪና ጥገና ያሳለፍኩ በመሆኔ የተሰጠኝ ርዕስ ስለ መኪናዋ ነው፤ የተሰበሰበውን ተሸክማ ስለምታደርሰው ፒክ አፕ። «ፍሬንና መሪ ከየቲም ጉዳይ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?» የሚል ጠያቂ ቢኖር መልሱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ለጋሽ የሰጠው እህል፣ ልብስና ደብተር በሆሞሻ፣ በመንጌ ወይም በኩርሙክ ካለች እናት ደጅ የሚደርሰው በጎማ ላይ ሆኖ ነው። ሁለተኛ፣ ለአንድ ብልሽት ሦስትና አራት ጊዜ የሚከፈለው የጥገና ገንዘብ ከዚያው ከየቲሙ ድርሻ የሚቀነስ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የከበደ ነው፤ የቲምን ለመርዳት የወጣች መኪና በፍሬኗ ምክንያት የሌላውን ቤት ልጆች የቲም አድርጋ ልትመለስ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2021 ዓመት ብቻ በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን የሚሆን ሰው በመንገድ አደጋ ሕይወቱን አጥቷል። ከመቶው ከ90 የሚበልጠው የሞተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አብዛኞቹ ሟቾች በሥራ ዕድሜ ላይ የነበሩ፣ ማለትም ልጆች በር ላይ ቆመው የሚጠብቋቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት በአጭሩ ይህ ነው፦ ተመላልሶ የሚመጣ ብልሽት ዕቃው ቢለወጥም መንስኤው ሳይፈለግ ለመቅረቱ ምስክር ነው። መንስኤውን መፈለግ ደግሞ ከአማና ጥበቃ ክፍሎች አንዱ ነው።

መንገዳችንና መኪናችን

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባም ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ ከተማ ናት። ከመሀል አገር ወደ እኛ የሚመጣ መኪና ነቀምቴን እንዳለፈ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ ተመልሶ ወደ ጊምቢ ይወጣል፤ ከዚያም በመንዲ በኩል አድርጎ የዳቡስን ወንዝ ተሻግሮ በባምባሲ በኩል አሶሳ ይገባል። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ከከፍታው ወደ ሞቃታማው ቆላ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በኩርሙክ በኩል ብዙ ስደተኞች ገብተዋል፤ ለእነርሱ የሚላከው እርዳታም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው።

ክረምታችን ረጅም ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘንባል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎች የሚገባ መኪና ጭቃ ይረግጣል፣ ጅረት ያቋርጣል። በበጋ ደግሞ ቀዩ አቧራ ከየክፍተቱ ይገባል። ውኃው ወደ ፍሬኑና ወደ ጎማው ኩሽኔታ ይዘልቃል፤ አቧራው መጋጠሚያዎችን የሚሸፍነውን ላስቲክ ይበላል፤ ጉድባው የመሪውን ዘንጎች ይደበድባል፤ ረጅሙ ቁልቁለት ፍሬኑን ያግላል። ይህን ሁሉ የምትሸከመው ብዙ ጊዜ ቶዮታ ሂሉክስ ወይም እርሷን የመሰለች ፒክ አፕ ናት። የዚህ ዓይነት መኪና ሾፌሩና ተሳፋሪዎቹ ጭምር ተቆጥረው በግምት 10 ኩንታል እንድትጭን የተሠራች ናት። እኛ ግን አሥራ አምስት ኩንታል ጭነን፣ በላዩ ላይ ሰው አስቀምጠን፣ ፍሬኑ ሲደክም መካኒኩን እንወቅሳለን።

ብልሽት ለምን ይመለሳል?

እስቲ በምሳሌ እንየው። የአንዲት ፒክ አፕ የኋላ ቀኝ ጎማ ፍሬን አልይዝ አለ እንበል። መካኒኩ ታምቡሩን ሲከፍት የፍሬን ሸራው በዘይት ርሶ ያገኘዋል። ሸራው ተለወጠ፤ መኪናዋም ወጣች። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ችግር ተመለሰ። አሁን ከሸራው ጋር የአክስሉ ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት አብሮ ተለወጠ። እስከ ክረምት ጥሩ ቆየች፤ ዝናቡ ሲበረታ ግን ዘይቱ እንደገና ታምቡሩ ውስጥ ተገኘ። ሦስተኛ ጊዜ ሸራ ከመግዛት በፊት አንድ አስተዋይ ሰው «አዲሱን ኦይል ሲል አልፎ ዘይት የሚወጣው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

መልሱ ከአክስሉ በላይ ባለችው ትንሽ መተንፈሻ ውስጥ ነበር። አክስሉ በጉዞ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይስፋፋል፤ በመተንፈሻዋም በኩል ይወጣል። መተንፈሻዋ በጭቃ ከተደፈነች ግን መውጫ ያጣው አየር ዘይቱን ወደ ጎማው በኩል ይገፋዋል፤ አዲሱም ኦይል ሲል ሊያቆመው አይችልም። መተንፈሻዋን ፈትቶ ማጽዳት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ሁለት ጊዜ ሸራ፣ አንድ ጊዜ ኦይል ሲል፣ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ተከፍሏል።

እርግጥ ዘይት የሚወጣው ሁልጊዜ በመተንፈሻ ምክንያት አይደለም። ኩሽኔታው አልቆ ዘንጉ ሲወዛወዝ፣ ወይም ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሞላ ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ታምቡሩ ውስጥ የተገኘው ፈሳሽም የአክስል ዘይት ላይሆን ይችላል። የአክስል ዘይት ወፍራም ነው፤ ሽታው ይከረፋል፤ በውኃ ቢታጠብ አይለቅም። የፍሬን ዘይት ግን ቀጭን ነው፤ በውኃም ይታጠባል። እርሱ ከሆነ የሚፈስሰው ከጎማው ትንሽ የፍሬን ፖምፓ ነው። ፈሳሹን ሳይለዩ ዕቃ መለወጥ በሽታውን ሳይለዩ መድኃኒት እንደ መዋጥ ይቆጠራል። መመሪያችን ይህ ይሁን፦ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ መልሱ «ይህ ዕቃ ስላለቀ» ከሆነ ገና አልጨረስንም፤ «ዕቃውስ ያለ ጊዜው ለምን አለቀ?» ብለን እንቀጥል።

የምትጎትትበት ጎን ሁልጊዜ ጥፋተኛው ጎን አይደለም

አሽከርካሪዎች ደጋግመው ከሚያመጡት አቤቱታ አንዱ «ፍሬን ስይዝ ወደ አንድ ጎን ትጎትተኛለች» የሚል ነው። እኛ በመንገዱ በቀኝ በኩል ስለምንሄድ ወደ ግራ የምትጎትት መኪና ከፊት ለፊት ከሚመጣው ጋር ታጋጫለች፤ ወደ ቀኝ የምትጎትተውም ዳር ዳሩን በሚሄዱት እናቶችና ተማሪዎች ላይ ትወጣለች። ስለዚህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ቀኝ የምትጎትት መኪና ስትመጣ የብዙዎች እጅ የሚሄደው ወደ ቀኙ ጎማ ነው። ይከፈታል፤ ሸራው አልቆ ይገኛል፤ ይለወጣል። ነገር ግን መኪና የምትጎትተው ይበልጥ ወደሚይዘው ጎማ ነው። የቀኙ ሸራ ያለቀው ብቻውን ሲሠራ ስለኖረ ሊሆን ይችላል፤ ሰነፉ ግራው ነው። በግራው ካሊፐር ውስጥ ያለው ፒስተን በዝገት ተጣብቆ፣ ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው፣ ወይም የላስቲክ ቱቦው ከውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የቀኙ ሸራ ሦስት ጊዜ ቢለወጥ ግራው እስካልታየ ድረስ መኪናዋ መጎተቷን አትተውም።

የላስቲክ ቱቦው ነገር በተለይ ያሳስታል። ከውጭ ሲታይ ደህና ነው። ከውስጥ ግን በእርጅና አብጦ ሊጠብብ ይችላል። እግር ሲረግጥ ዘይቱ በግድ ያልፋል ወይም ዘግይቶ ይደርሳል፤ እግር ሲነሣ ግን ዘይቱ አይመለስም፤ ጎማውም እንደ ተያዘ ይቀራል። ለዚህም ነው አንዳንድ መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንዱ ጎን፣ ሲለቀቅ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን የሚጎትተው።

ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ጎማ ተይዞ አልለቅ ካለ መኪናዋን በሚገባ አስደግፋችሁ አንሡና የጎማውን የፍሬን አየር ማስወጫ ብሎን በጥንቃቄ ላሉት። ዘይት ተፈናጥሮ ጎማው ወዲያው ነፃ ከሆነ በውስጡ ግፊት ታስሮ ነበር ማለት ነው፤ ጥፋቱ የቱቦው ወይም የዋናው ፖምፓ ነው። ዘይቱ ወጥቶም ጎማው ካልለቀቀ ግን ጥፋቱ የፒስተኑ፣ የፒኖቹ ወይም የሸራው መጣበቅ ነው። በዚህ አንድ ሙከራ የፍለጋው ሜዳ በግማሽ ይቀንሳል።

ሸራ ሲለወጥ ምንጊዜም በአንድ አክስል ላይ የሁለቱም ጎማ አብሮ ይለወጥ። አንዱን አዲስ፣ ሌላውን አሮጌ ማድረግ መጎተትን በገዛ ገንዘብ መግዛት ነው።

«ጋራዥ ስትደርስ ምንም የላትም»

ሌላው አስቸጋሪ አቤቱታ እንዲህ ነው፦ «ወደ ዴዴሳ ስወርድ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ገባ፤ ቆሜ ካረፍኩ በኋላ ግን ተመለሰ።» መካኒኩ በማግሥቱ ሲሞክረው ፍሬኑ ይይዛል፤ «ምንም የላትም» ተብላ ትመለሳለች። ሾፌሩም እንደ ቀጣፊ ይታያል። ሾፌሩ ግን እውነቱን ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን የሚጠበቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ጭነት የያዘች መኪና በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ላይ ተንጠልጥላ ስትወርድ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይዘልቃል፤ እርጥበት የጠጣው ዘይት ይፈላል፤ በቱቦው ውስጥም እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። እግር የሚረግጠው እንፋሎቱን ስለሆነ ኃይሉ ጎማው ዘንድ አይደርስም። ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፔዳሉም ይነሣል። ምስክሩ ጠፋ ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። የፍሬን ዘይቱ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ የመኪናዋ መመሪያ ከዚህ ባጠረ ጊዜ ካዘዘም በዚያው መሠረት ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፤ ከተከፈተ ብዙ የቆየ ቆርቆሮም አይጨመር። ሾፌሩም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ጉልበት እየተያዘ ይውረድ። የፍጥነትንም ነገር አንዘንጋ፤ ፍጥነት ከ40 ወደ 80 ሲያድግ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የፍሬን ዘይት ሲጎድል የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት የሚጨምሩ አሉ። የማዕድን ዘይት በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ላስቲኮች ያሳብጣል። ያበጠው ላስቲክ በዋናው ፖምፓ ውስጥ የመመለሻዋን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ፍሬኑም ተይዞ ይቀራል፤ ጎማዎቹም ይግላሉ። ይህ ከደረሰ ዘይቱን ደፍቶ ሌላ መሙላት አይበቃም፤ መስመሩ በሚገባ ታጥቦ ዘይቱ የነካቸው ላስቲኮች ሁሉ መለወጥ አለባቸው። ይህ ሳይሆን ሲቀር ብልሽቱ ዛሬ በአንዱ ጎማ፣ ነገ በሌላው እየዞረ ዓመቱን ይፈጃል።

ባሌስትራ የመጨመር ጣጣ

ጭነት ሲበዛ የመኪናዋ ጀርባ ይጎነበሳል፤ ባለቤቱም ተጨማሪ ባሌስትራ ያስደርባል። መኪናዋ ቀና ትላለች፤ ችግሩም የተፈታ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን የፊት ሸራ ቶሎ ቶሎ ማለቅ፣ የፊት ዲስኮችም መግልና ፍሬን ሲያዝ መሪውን ማንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ዲስኩ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ ይላጋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ነው።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። በብዙ ፒክ አፖች ላይ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ጭነት ለኪ ቫልቭ አለ። ጀርባው ዝቅ ሲል «ተጭናለች» ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፤ ከፍ ሲል «ባዶ ናት» ብሎ ይቀንሳል፤ ይህም ባዶ መኪና በኋላ ጎማዋ ቀድማ ተይዛ እንዳትንሸራተት ነው። ባሌስትራ ሲደረብ መኪናዋ አሥር ኩንታል ተሸክማም ጀርባዋ ከፍ እንዳለ ይቆያል። ቫልቩ ባዶ ናት ብሎ ይፈርዳል፤ የኋላው ፍሬን ይለግማል፤ ሥራው ሁሉ በፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ባሌስትራ የነካ ሰው የቫልቩን ዘንግ በመኪናዋ መመሪያ መሠረት ሳያስተካክል መኪናዋን ማስረከብ የለበትም። ከዚህ የሚቀድመው ግን ከልክ በላይ አለመጫን ነው።

የመሪ አቤቱታዎች

መሪን በሚመለከት ሦስት ዓይነት አቤቱታ አለ፤ አልቀና ማለት፣ መንቀጥቀጥና መክበድ። በሦስቱም መጀመሪያ የሚታየው ርካሹ ነገር ነው፤ እርሱም የጎማ አየር ነው። የግራና የቀኝ ጎማ አየር ከተለያየ፣ ወይም ጎማዎቹ በመጠንም ሆነ በማለቅ ካልተመሳሰሉ ሌላውን ሁሉ መመርመር ድካም ነው። አየሩም ጎማው ሳይሞቅ፣ በመለኪያ እንጂ በእርግጫ አይለካ።

ቀጥሎ የሚታዩት መጋጠሚያዎች ናቸው። የቀድሞዎቹ ሂሉክሶች መሪ በሳጥን ውስጥ ባለ ጥርስና በብዙ ዘንጎች የሚሠራ በመሆኑ ልቅነት የሚደበቅበት ቦታ ብዙ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጣው ትውልድ ዘንጎቹ ቢቀንሱም ጫፎቻቸውና የሚሸፍናቸው ላስቲክ ያው ይጎዳሉ። ምርመራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ አንዱ መሪውን በትንሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል፤ ሌላው ከታች ሆኖ ከመሪው ሳጥን ጀምሮ እስከ ጎማው ድረስ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በዓይኑና በእጁ ይከተላል። አንደኛው ወገን እየተንቀሳቀሰ ሌላኛው ወገን የሚዘገይበት ቦታ ልቅነቱ ያለበት ነው። በግምት ሁሉንም ጫፍ ከመለወጥ ይህን አንድ ቦታ ማግኘት ይበልጣል።

ከዚያ ጎማው በክሪክ ይነሣል። ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም የማንጠልጠያው መጋጠሚያ ይጠረጠራል። ሌላ ሰው ፍሬን ሲረግጥ መወዛወዙ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ የመሪው ዘንግ ጫፎች ይታዩ። ክሪክ መኪና ለማንሣት እንጂ አንሥቶ ለማቆየት አይታመንምና በጽኑ ድጋፍ ሳይቀመጥ ማንም ከመኪና ሥር አይግባ።

አንዳንዴ ሁሉም የመሪ ዕቃ ተለውጦም መኪናዋ አትቀናም። ያኔ ወደ ኋላ እንመልከት። ባሌስትራውን የሚሰበስበው መሀል ብሎን ሲበጠስ የኋላው አክስል በአንድ ጎን ወደፊት ወይም ወደኋላ ይንሸራተታል፤ መኪናዋም ጎን ለጎን እንደምትሄድ ትሆናለች። ሾፌሩ ለማቅናት መሪውን አጣሞ ይይዛል፤ ሁሉም ሰው የፊቱን ይመረምራል። ሲባጎ አምጡና የፊት ጎማዎችን ቀጥ አድርጋችሁ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል በግራ ለኩ፤ ያንኑ ሲባጎ በቀኝ ያዙ። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ምርመራው ወደ ባሌስትራው ይሂድ። በዚህ ሲባጎ ብዙ የመሪ ዕቃ ከመገዛት ይድናል።

የመሪ ዘንግ ጫፍ ከተለወጠ በኋላ የፊት ጎማዎች አቅጣጫ ተለክቶ መስተካከል አለበት። ይህ ከተዘለለ አዲሱ ጎማ በአንድ ጠርዙ ያልቃል፤ ብልሽቱም በሌላ ስም ይመለሳል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ለኮሚቴዎችና ለአሽከርካሪዎች እንዲመች ሥርዓቱን በስድስት ነጥብ ላጠቃልል።

1. መጀመሪያ ሾፌሩ ይጠየቅ። ችግሩ በጭነት ነው በባዶ? ጠዋት ነው ከቁልቁለት በኋላ? በደረቅ ነው በዝናብ? ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው ሁልጊዜ? ሁልጊዜ ከሆነ ጎማና መሪ፣ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ፍሬን ይቀድማል።

2. መኪናዋ ቆማ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፔዳሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተረግጦ ይያዝ። ቀስ እያለ ከሰመጠ አንድ ቦታ ይፈስሳል ወይም ዋናው ፖምፓ ከውስጥ ያሳልፋል። ደጋግሞ ሲረገጥ ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ አየር ገብቷል ወይም የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል።

3. ፍሬን ብዙ ሳይያዝ አጭር መንገድ ይነዳና የአራቱ ጎማዎች ሙቀት ይነጻጸር። እጅ ብረቱን ሳይነካ ይቅረብ እንጂ አይንካ። ከአቻው ይልቅ የጋለው ተይዞ የሚሄድ ነው። ፍሬን ደጋግሞ ከተያዘ በኋላ ከአቻው ይልቅ የቀዘቀዘው የማይሠራ ነው።

4. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። አራት ዕቃ አብሮ ከተለወጠ የትኛው እንዳዳናት አይታወቅም፤ ስትመለስም ፍለጋው ከዜሮ ይጀምራል።

5. ሙከራው ብልሽቱ በታየበት ዓይነት ሁኔታ ይደረግ። በጭነት የሚታይ ችግር በባዶ መኪና፣ በሜዳ ላይ ዞሮ በመምጣት አይረጋገጥም። በሙከራውም ሰው አይጫን፤ በለጋ ፍጥነትና ገላጣ ቦታ ይሁን።

6. የወጣው አሮጌ ዕቃ ይታይ። እንዴት እንዳለቀ ይናገራልና ሳይመረመር አይጣል።

መዝገብና የለጋሽ ጥያቄ

ለእያንዳንዷ መኪና አንድ ደብተር ይኑር። ቀኑ፣ የተነዳችው ኪሎ ሜትር፣ የሾፌሩ አቤቱታ፣ የተገኘው መንስኤ፣ የተለወጠው ዕቃና የሠራው ሰው ይጻፍበት። በሒሳብ መዝገባችን ደረሰኝ አለ፤ ደረሰኝ ግን የሚናገረው የተከፈለውን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ዓይነት ሸራ ሦስት ጊዜ ተገዝቶ ሲታይ ኦዲተሩ ደረሰኙ ትክክል መሆኑን ያረጋግጣል፤ ደብተሩን የሚያነብ ሰው ግን «መንስኤው ሳይገኝ ነው የቆየነው» ይላል።

የተከበራችሁ ለጋሾች፤ «መኪናዋ ስንት ፈጀች?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «መንስኤው ምን ነበር?» በሉ። ይህ ጥያቄ ማንንም መጠርጠር አይደለም። የሠራውን በሚገባ የሚያውቅ መካኒክ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። እንዲሁም ለምርመራ የሚወጣ ገንዘብ የባከነ አይምሰለን። ዕቃ ሳይለወጥ ግማሽ ቀን መርምሮ መንስኤውን ያገኘ ሰው ዋጋው ይገባዋል፤ ለእርሱ መክፈል ስንሠስት ነው ለዕቃ ደጋግመን የምንከፍለው።

«ዛሬ መኪናዋ አትወጣም»

የመጨረሻው ነጥብ ከብረት ይልቅ ሰውን ይመለከታል። የአደጋው በር ሰፍቶ የሚከፈተው መቼ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የረመዳን የመጨረሻ ቀናት ናቸው። ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ አለበት፤ እህሉ ተሰፍሮ ተጭኗል፤ በየቀበሌው እናቶች ይጠብቃሉ። ሾፌሩ «ፔዳሉ ዝቅ ይላል» ሲል ከወዲህ «ከዒድ በኋላ ታያለህ፤ አላህ ይጠብቅሃል» የሚል ድምፅ ይሰማል። ንግግሩ በጎ ልብ ያለው ሰው ንግግር ነው። ነገር ግን ተወኩል ሰበብን ማድረስን አያስቀርም፤ ፍሬን መጠገን ሰበብ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ መኪናዎች የሚመረመሩት በሻዕባን ይሁን እንጂ በረመዳን መጨረሻ አይሁን። የዒዱ ጊዜ በግምት አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ ድንገተኛ ሆነብን ማለት አንችልም። በየዓመቱም ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ምርመራው ይደገም።

ሁለተኛ፣ ሾፌሩ «ዛሬ መኪናዋ አትወጣም» የማለት ሙሉ መብት ይኑረው፤ ይህም በጽሑፍ ይስፈር። ፔዳል ሲሰምጥ፣ የፍሬን ዘይት ሲፈስስ፣ የመሪው ልቅነት በድንገት ሲጨምር፣ ወይም ከአንድ ጎማ የቃጠሎ ሽታና ጭስ ሲወጣ መኪናዋ ባለችበት ትቁም፤ ለዚህም ማንም አይቆጣው፤ ከደመወዙም አይቀነስ። እህሉ በኪራይ መኪና፣ ካልሆነም በጋሪና በአህያ ይሂድ። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላ መንገድ ይፈለጋል፤ በአደጋ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።

ውድ የየቲም ቤተሰቦች፤ እናንተም ድርሻ አላችሁ። መኪናዋ በዘገየች ጊዜ «ረሱን» አትበሉ። ልጆቻችሁም ከጭነት በላይ ተቀምጠው እንዳይሄዱ ከልክሉ፤ ሾፌሩ ቢፈቅድ እንኳ እናንተ አትፍቀዱ።

አላህ የለጋሾችን ስጦታ ይቀበል፤ በየመንገዱ ያሉትን አሽከርካሪዎቻችንን በሰላም ወደየቤታቸው ይመልስ፤ የቲሞቻችንን በዲንና በዕውቀት ያሳድግ፤ የተሰጠንንም አማና በሚገባ የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።